ለዋንዛው ሰጠኋት

አባቴ ታናሽ እህቴን ለዛፍ እንደሰጣት የሰማሁት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ማንም አልነገረኝም። አክስቴ የትነበርሽ ቤት መደብ ላይ ተጠቅልዬ፣ ተኝታለች ብለው ሲያወሩ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የሰማሁት ነው።

ያኔ የምንኖርባት ፀዳ ገጠር ነበረች። ዛሬ ቆርቆሮ ቤት በተደረደረበትና ባጃጅ በሚርመሰመስበት ሜዳ ላይ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበት ነበር። ቤታችን ከጎንደር መንገድ ራቅ ብሎ፣ ወደ ወንዙ በሚያዘቀዝቀው በኩል ነው። ከጓሮው፣ ከድንጋይ ካቡ አለፍ እንዳሉ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዋንዛ ቆሞ ነበር። በራችን ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፍ የተሠራ ነው፤ ሙቀጫችንም እንደዚያው። በበጋ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፤ ሲነክሱት ይዝለገለጋል፣ ማር ማር ይላል። እኛ ልጆች ግማሹን እንበላና በቀረው የደብተራችንን ልባስ እንለጥፍበት ነበር። ሰው ሁሉ የሚወደው ዛፍ ነው። እኔም እወደው ነበር፣ እስከዚያ ጥቅምት ድረስ።

እህቴ የተወለደችው በነሐሴ ጭቃ ነው። ጠያቂ ሁሉ «ሸጋ ናት፣ ሸጋ ናት» ሲል ስሟ ሸጊቱ ሆኖ ቀረ። የክርስትና ስም ገና አልነበራትም፤ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነውና እናቴ ያን ቀን በጣቷ እየቆጠረች ትጠብቅ ነበር። ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ተፈጭቶ ተቀምጧል። ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሸጊቱ እያሳላት ሳለ አክስቴ መጣችና እጄን ያዘች።

«ነይ፣ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ።»

«ምነው?»

«ምነው የለም። ነይ።»

ሦስት ቀን እሷ ዘንድ ሰነበትሁ። በሁለተኛው ቀን ምሽት አባቴ መጣ። ሲቀመጥ መደቡ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ቄሱ ምን አሉ?» አለችው የትነበርሽ።

«ምን ይላሉ። ሰባት ቀን ቀርቷት ነበር አልኋቸው፤ አንገታቸውን ደፉ። ከቅጥሩ ውስጥ አይሆንም።»

«ታዲያ የት አደረግሃት?»

«የት ላድርጋት የትነበርሽ? ለዋንዛው ሰጠኋት።»

አክስቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች መሰለኝ፤ የታፈነ ድምፅ ነው የሰማሁት። ቅጥር ምን እንደሆነ፣ ሰባት ቀን ምን እንዳደረገ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባቴ ሸጊቱን ተሸክሞ ሄዶ ለዛፉ ሰጥቷታል። ዛፉም ተቀብሏታል።

ቤት ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። «ሸጊቱ የታለች?» አልኋት። አክስቴ ናት ከኋላዬ «ሸጋ ቦታ ሄደች» ያለችኝ። ወደ ጓሮ ወጣሁ።

ዋንዛው ከላይ እስከ ታች ነጭ አበባ ለብሷል። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ እንዲያ ይሆናል፤ እኔ ግን ለእህቴ ክርስትና የለበሰ መሰለኝ። ንብ ወርሮታል። ከሩቅ ሲሰሙት ዛፉ ራሱ አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ይመስላል፤ እናቴ ሸጊቱን ስታስተኛ እንደምታንጎራጉረው፣ ቃል የሌለው፣ የማያልቅ። ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ከላይ ሁለት ቅርንጫፎች ይፋተጉና ቀጭን ድምፅ ያወጣሉ። ያን ድምፅ ከመወለዴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። በዚያ ቀን ግን ሕፃን ሆነ።

አንድ ጊዜ አለቀሰና ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ብቻዬን ከካቡ አላለፍሁም።

እናቴ ግን ታልፍ ነበር። በቀትር ነው የምትሄደው። አክስቴ «ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም፣ ቀትር ላይ ዛፍ ሥር የተገኘ ይለከፋል» ስትለን ነው ያደግነው። በዚያ ሰዓት ሰው ቤቱ ይገባል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። እናቴ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ትነሣለች፤ ነጠላዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እንደሚጠሩት ሰው ቸኩላ ትወጣለች።

በአራተኛው ቀን ተከተልኋት። ከካቡ ጀርባ ተደፍቼ በድንጋዮቹ መሀል አየሁ።

እናቴ ከዛፉ ሥር ተንበረከከች። ቀሚሷን ከደረቷ ፈታች። ጡቷን በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ አለችና ጨመቀችው፤ ነጭ ወተት ሥሩ ላይ ወረደ። ፊቷ በሕመም ተጨማዷል። «ጠጪ፣ የኔ ሸጋ፣ ጠጪ» ትላለች። ምድሩ ወዲያው ወተቱን መጠጠው፤ አንድ ጠብታ እንኳ ላይ አልቀረም። ከዚያ ሌላኛውን ጡቷን አወጣች። ከላይ ዛፉ ያንጎራጉራል።

ዛፉ ጡት እየጠባ ነው አልሁ በልቤ። እህቴን ወሰዳት፣ አሁን ደግሞ እናቴን እየጠባት ነው፤ ደረቅ ቅርፊት እስክትሆን አይተዋትም።

ዛሬ ምን እንደነበር አውቃለሁ። ጡት የልጅ መሞት አይነገረውም። ሰዓቱን ጠብቆ ይሞላል፣ ይወጠራል፣ ያቃጥላል፤ ካልታለበ እናቲቱን በትኩሳት ይጥላታል። እናቴም ወተቱን እንደ እጣቢ ውሃ ደጅ መድፋት አልሆነላትም። ለባለቤቷ ወሰደችላት። በቀትር የምትሄደው እንዳያይዋት ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ብዙ ዘመን ቆይቼ፣ የራሴ ጡት ሲሞላ ነው።

ጥር ላይ ፍሬው በሰለ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ዘንድሮ ከዋንዛው አንድ ፍሬ እንዳትቀምሺ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ የማውቅ መስሎኝ ነበር። አንድ ጧት ግን ነፋስ አንዷን ፍሬ ከካቡ ወዲህ ጣላት፣ እግሬ ሥር። ቢጫ፣ ክብ፣ ጠል ያዘለች። አነሣኋት። ጥርሴ ሲነካት ፈነዳችና ያ ዝልግልግ ነገር አፌን ሞላው፤ ለብ ያለ፣ ጣፋጭ። ወተት ነው አልሁ። እናቴ ያፈሰሰችው ወተት ነው፤ ዛፉ ጠጥቶ፣ ሸጊቱ ጠጥታ፣ ይኸው አፌ ውስጥ ገባ። እህቴን የበላኋት መሰለኝ። ልተፋው አልሁ፣ ከላንቃዬ ጋር ተጣብቆ እንቢ አለ።

ሦስት ቀን በትኩሳት ነደድሁ። አክስቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። እኔ ግን በነፋስ ቁጥር ያ ቀጭን ለቅሶ ከውጭ ሳይሆን ከሆዴ የሚመጣ እየመሰለኝ ጆሮዬን በሁለት እጄ እደፍን ነበር። በሦስተኛው ቀን ላቤ ሲወጣ አንድ ነገር ቆረጥሁ። ሸጊቱን ከዛፉ ማውጣት አለብኝ።

መንገዱን ያሳየኝ አያ አለነ ነው።

አያ አለነ ከወንዝ ማዶ፣ ከሌላ አጥቢያ የሚኖር እንጨት ጠራቢ ነበር። ሙቀጫ፣ ገበታ፣ ከበሮ፣ ሁሉን ይሠራል። ሲስቅ ከወዲያ ማዶ ይሰማል። አንድ እሑድ ከአባቴ ጋር ወደ ጓሮ መጡ። አያ አለነ በመጥረቢያው ጀርባ ዋንዛውን መታ መታ አደረገና ጆሮውን ለጠፈበት።

«ሸጋ ድምፅ አለው» አለ። «ለቤተ ክርስቲያን ከበሮ ከዚህ የተሻለ ግንድ አታገኝም አስናቀው።»

እናቴ ከየት እንደመጣች አላየሁም። በሁለቱ መሀል ገብታ ጀርባዋን ለዛፉ ሰጠች።

«መጀመሪያ እኔን ቁረጡ!»

«እቴነሽ፣ ለሷ ብዬ እኮ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

«ለሷ ከሆነ ተዋት! ተዋት በሞቴ!»

አያ አለነ ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አውልቆ ያሻሽ ጀመር። የሩቅ ሰው ነው፣ አልሰማም። ሴትዮዋ የዛፉን አድባር ፈርታ ነው ብሎ እንዳሰበ በኋላ ለሚስቱ ነግሯታል። አባቴ ሲሸኘው «እሷ እሺ ያለች ቀን እልክብሃለሁ» ሲለው ሰማሁ።

እኔ በእናቴ ተናደድሁ። ዛፉ ተቆርጦ ልጇ ልትወጣ ስትል ከዛፉ ጋር ወገነች። በቃ ጠጥቷታል፣ የራሱ አድርጓታል አልሁ።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ አባቴና እናቴ አህያ ጭነው ጎንደር ገበያ ወጡ። እኔን ለአክስቴ ትተውኝ ነበር። አክስቴ እህል ስታሰጣ ሾልኬ ወንዙን ተሻገርሁ። አያ አለነ ፍልጥ ላይ ተቀምጦ ማረሻ ያቃናል።

«አያ አለነ፣ አባቴ ና ብሎሃል። እናቴም እሺ ብላለች።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እናትሽ? ራሷ?»

«ራሷ።»

መልእክት ሳመላልስ ያውቀኛል፤ ዋሽቼም አላውቅም። መጥረቢያውን አነሣ።

ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። እኔ ካቡ ላይ ቆሜ አየሁ። ምሳሩ ባረፈ ቁጥር የረገፈው ፍሬ መሬት ላይ ይዘላል። ብዙ ቆየ። ከዚያ ሰዎቹ ሸሽተው ወደ ኋላ ተመለሱና ዛፉ ዘመመ፤ ሲዘም ከውስጡ አንድ ድምፅ ወጣ። ቀጭን ሆኖ ጀመረ፣ እየጎላ ሄደ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው እንደሚሆነው ቁርጥ ቁርጥ አለ። ከዚያ ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ዋንዛው ወደ ወንዙ በኩል ተዘረረ።

ሮጥሁ። ጉቶው መሀሉ ቀላ ያለና እርጥብ ነበር። አጎነበስሁበት።

«ሸጊቱ! ነይ ውጪ! ሸጊቱ፣ ተከፍቷል እኮ!»

አያ አለነ ላቡን መጥረጉን ተወ።

«ማንን ነው የምትጠሪው?»

«እህቴን። አባቴ ለዋንዛው ሰጥቷታል። እዚህ ውስጥ ናት።»

ፊቴን አየ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ ከጉቶው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ተከበው ወደተደረደሩት ጠፍጣፋ ድንጋዮች፣ እናቴ በየቀኑ በእጇ ወደምትጠርገው አፈር። ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለቱን ሰዎች «ሂዱ፣ እመጣለሁ» ብሎ ሰደዳቸው። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እናትሽ እሺ አላለችም፣ አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«አባትሽም አልላከሽም።»

ብዙ አሰበና ክንዴን ያዘኝ።

«ስሚኝ ዓይናዲስ። ዛሬ እኔ ዘንድ አልመጣሽም። አላየሁሽም፣ አላየሽኝም። ማንም ቢጠይቅሽ ይህንኑ ነው የምትዪ። አክስትሽ ዘንድ ሂጂ።»

ያን ጊዜ የገባኝ ይህ ነው፦ አያ አለነ እህቴን አግኝቷታል፣ ሊሰርቃት ነው። እያየሁት ወደ ኋላ እየሄድሁ በልቤ ሌባ አልሁት።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ ከሩቁ ሰማዩ ባዶ ሆኖ ታያት። አህያዋን መንገድ ላይ ትታ ሮጠች። እዚያ ድንጋዮቹ ላይ ወደቀች። ያ ቦታ ከተደረደረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት አርፎበታል።

«ፀሐይ መታት! ልጄን ፀሐይ መታት!» ነጠላዋን ገፍፋ ድንጋዮቹ ላይ ዘረጋችው። እኔ በአክስቴ ቀሚስ ውስጥ ተደብቄ ሸጊቱ ወጥታ እንደነበረ፣ ፀሐይ መትቷት እንደጠፋች ተረዳሁ። ከነጠላው ሥር የሆነ ነገር ቢንቀሳቀስ ብዬ ዓይኔን አልነቀልሁም።

አያ አለነ አልሸሸም ነበር። አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ማን አዘዘህ?» አለችው እናቴ።

«ማንም። ራሴ ነኝ። ከበሮው ቸኮለብኝ።»

አባቴ አፉን ከፍቶ አየው። እናቴ ተነሣች፤ እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሷ ሰምቼ አላውቅም፣ ዝቅ ያለና የቀዘቀዘ ነበር።

«እጅህ አይታዘዝልህ። ጥላዬን እንደነጠቅኸኝ ጥላ እጣ።»

«ይሁን» አለ አያ አለነ። መጥረቢያውን እዚያው ትቶ ሄደ።

ግንዱን ማንም አልነካው። ሁለት ክረምት ተጋድሞ ምስጥ በላው። እኔም ለማንም ሳልናገር ኖርሁ። በዓመቱ የአያ አለነ ቀኝ እጅ ሥራ አቆመ። ማንኪያ እንኳ መያዝ አቃተው፤ አፉ ወደ አንድ ወገን ጠመመ። በሁለተኛው ዓመት ሞተ። በፀዳ «የእቴነሽ አፍ» እየተባለ ተወራ፤ ሰው ከእናቴ ጋር ከመጣላት ይጠነቀቅ ጀመር። ዛሬ ሐኪም ቤት ቢሄድ ደም ግፊት ነው፣ ስትሮክ ነው ይሉት ነበር። ይህን ለራሴ ስነግረው ሃያ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ልቤ ግን ገና አልተቀበለኝም።

እያደግሁ ስሄድ ሸጊቱ ሞታ እንደተቀበረች ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። ጨለማ ውስጥ ያለ ዕቃ ንጋት ላይ ቅርጹ እንደሚለይ ቀስ እያለ ነው የተገለጠልኝ። አባቴም ሞተ። እናቴ የሸጊቱን ስም አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም።

አምና ሴት ልጅ ወለድሁ። ከባለቤቴ ከእንዳልካቸው ጋር ጎንደር አራዳ ተከራይተን ነው የምንኖር፤ እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ሰባ ሦስተኛው ቀን ላይ ሕፃኗን ከጧት ጀምሮ ከእቅፏ አላወርድ አለች። ለጡት ብቻ ትሰጠኝና መልሳ ትቀበለኛለች። ሲመሽ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ተናገረች።

ሸጊቱ በሰባ ሦስት ቀኗ ነው የሞተችው። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃል፤ አባቴ ይህን ያውቃልና ንጋት ላይ ቄስ ሊጠራ ሮጦ ነበር። ከቄሱ ጋር ሲመለሱ በሕይወት አልደረሱባትም። ያልተጠመቀች ናትና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቦታ የላትም ተባለ። «አባትሽ ዋንዛውን ለከበሮ የሰጠው እልህ ይዞት ነው» አለችኝ። «እሷን ከከለከሏት፣ ያቀፋት ዛፍ ከበሮ ሆኖ ይግባላት ብሎ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። እኔ ጥላዋን ብቻ ነው የማየው።» ቀጥላም «ያ አለነ የሚሉት ባይቸኩል፣ ተነጋግረን እንስማማ ነበር ይሆናል» አለች።

ነገርኋት። ከመደቡ ጀምሬ፣ ቀትሩን፣ ፍሬዋን፣ ወንዙን መሻገሬን፣ ሁሉን።

አልጮኸችም። ሕፃኗን አጠገቤ አስተኛችና መስኮቱ ዘንድ ሄዳ ቆመች። «እጅህ አይታዘዝልህ ብዬው ነበር እኮ» አለች ለራሷ። እዚያው ቆማ አነጋች። ጧት ነጠላዋን ለብሳ «ተነሺ፣ ልጅሽን ያዢ» አለችኝ።

የአያ አለነ ሚስት ወለተሩፋኤል አዘዞ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። በባጃጅ ሄድን። እናቴ መንገዱን ሙሉ አላየችኝም። ከበራቸው ስንደርስ ጎንበስ ብላ ከጥጉ ድንጋይ አነሣች፣ ትከሻዋ ላይ አስቀመጠችና እንደ በደለኛ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሰባ ሊሞላት ነው፤ ድንጋዩ አጎበጣት። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አስታቀፍኋትና ድንጋዩን ተቀበልኋት።

«የኔ ነው እማ» አልኋት።

ወለተሩፋኤል በሩን ከፈቱ። ረጅም፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው። እናቴን አዩ፣ ሕፃኗን አዩ፣ ከዚያ እኔን ከነድንጋዩ።

«የእቴነሽ ልጅ ነሽ» አሉ። «አውርጂው፣ አራስ አይደለሽ ወይ።»

«እትዬ፣ አያ አለነን እኔ ነኝ…»

«አውቃለሁ። የዚያኑ ዕለት ነግሮኛል። ተናገር፣ እርግማኑ ይነሣልህ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንሁት! ‹አንዷን ቀብራለች፣ ሁለተኛዋን ደግሞ እኔ ከልቧ ላስወጣባት?› ይለኝ ነበር። እጁ ከሞተ በኋላም ያው ነው። ‹ታድግና ራሷ ትመጣለች› ይላል።» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ቆየሽ ልጄ።»

ድንጋዩን ከትከሻዬ ያወረዱልኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች፤ «አለነ፣ ቃሌን አንሥቻለሁ፣ ከአፈር በታች ከሆነም ይድረስህ» እያለች አለቀሰች። ሕፃኗም አብራ አለቀሰች። ወለተሩፋኤል ሁለቱንም ደግፈው ወደ ውስጥ አስገቡን።

ስንቀመጥ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁኝ።

«ዛፉ ሲወድቅ ሕፃን ስታለቅስ ሰማሁ ይል ነበር። እስኪሞት አልተወውም። አንቺ እዚያ ነበርሽ፤ ሰምተሻል?»

እንጨት ሲሰነጠቅ የሚያወጣው ድምፅ ነው ልላቸው አፌን ከፈትሁ። ለባለቤቴም፣ ለራሴም እንዲያ ነው የምለው።

«ሰምቻለሁ» አልኋቸው።

እናቴ ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እስከ ዛሬም አላለችኝ። የዚያን ቀን ልንነሣ ስንል ግን ሕፃኗን ወለተሩፋኤል ጭን ላይ አስቀመጠችና «የክርስትና እናት አልያዝንላትም፤ ስድስት ቀን ነው የቀራት» አለቻቸው።

በሰማንያኛው ቀን ጧት ወለተሩፋኤል ከሁላችንም ቀድመው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጄን ከእናቴ እጅ ተቀብለው ገቡ።